ግመሏ የወሰደቻት ጥርስ

ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩት በ2011 ዓ.ም.፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ፈርዶሳ ወንበሬን፣ ማኅተሙንና የኢንሹራንስ ውሎቹን አሳየችኝ።

"እትዬ የሺ፣ የሥራ ክፍፍላችን ይኸው ነው" አለችኝ። "እኔ ጥርስ እነቅላለሁ፤ እርስዎ ከኢንሹራንስ ገንዘብ ይነቅላሉ። የእርስዎው ያለ ማደንዘዣ ነው።"

የቀለደች መስሎኝ ነበር።

መንቀልና መሙላት ብዙዎቹ ውሎች ይሸፍናሉ። የሚተከል ጥርስ፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ ብሎን ገብቶ ጥርሱ በላዩ የሚታሰርበት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ውል ስሙንም አያነሳም። አንዳንዱ "ለውበት" ብሎ ያልፈዋል። የሚሸፍነውም "በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ የወለቀ እንደሆነ" ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ "የትኛው ጥርስዎ ነው?" ከማለቴ በፊት "እንዴት ወለቀ?" ማለት ለመድኩ።

አንድ ጠዋት አዴር ሙሴ መጡ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ከተማው እንዲህ ነው የሚጠራቸው። የቁም እንስሳ ወደ ውጭ ለሚልክ ድርጅት ግመል ይመርጡ ነበር። የግመሏን ከንፈር ገልጠው ጥርሷን ያዩና ዕድሜዋን ይናገራሉ፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚከራከር የለም። ያን ቀን አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ነበር። ሲገልጡት የላይኛው የፊት ጥርሳቸው የለም።

"እንዴት ወለቀ?" አልኳቸው።

"ተኝቼ ስነሳ አጣኋት።"

ዶክተር ፈርዶሳ ራጁን ወደ ብርሃን አነሳችው። "አዴር፣ ሥሩ ተሰብሯል። ጎረቤቱም ተሰንጥቋል። በእንቅልፍ እንዲህ አይሆንም።"

"ሕልሙ ከባድ ነበር" አሉ።

በዕድሜ የወለቀ ከሆነ ውላቸው አይሸፍንም። ከኪሳቸው አውጥተው እንዳያስተክሉ ደግሞ አቅማቸው አይፈቅድም። የምትወልቅ ጥርስ አሠራንላቸው፤ በሳምንቱ በጨርቅ ጠቅልለው መለሷት።

"ወላሂ ባልኩ ቁጥር ትዘላለች" አሉኝ። "ሻጩ መሐላዬን ትቶ እሷን ነው የሚያየው። ትናንት አንዱ ደላላ፣ 'አዴር፣ እንዲህ ያለ አፍ ያላት ግመል ብናመጣልህ ስንት ትገምታታለህ?' አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከእንግዲህ በዚህ አፍ ገበያ አልወጣም።"

ዶክተሯ ሥራ ላይ ነበረች። በሩን ዘጋሁና እንደገና ጠየቅኳቸው። አዴር ሙሴ ወለሉን እያዩ ነገሩኝ። የአንዲት ከባቢሌ በኩል የመጣች ወጣት ግመል ከንፈር ገልጠው ሲያዩ፣ ግመሏ ራሷን አወናጨፈች።

"የእሷን ጥርስ ሳይ የእኔን ወሰደች" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ግመል ስመርጥ ኖሬ፣ ይህች ትማታለች ብዬ መለየት አቃተኝ። ይህ ከተሰማ ማን ያስመርጠኛል? ኤዶ፣ አትንገሪብኝ።" ኤዶም አክስት ማለት ነው።

"ካልነገርን አይከፍሉም" አልኳቸው።

ብዙ አሰቡና ጻፊው አሉኝ። ጻፍኩ።

ኢንሹራንሱ አቶ ታምራት የሚባል መርማሪ ከድሬዳዋ ላከ። መርማሪው አደጋውን ያዩ ሰዎችን በቦታው ማነጋገር ፈለገ። ራጁን ይዤ አብሬው እንስሳት ገበያ ሄድኩ። አዴር ሙሴ በሻርፓቸው እንደተሸፈኑ ቆመው ነበር። አጠገባቸው የልጅነት ጓደኛቸው ደላላው ጉሌድና የድርጅቱ ጥበቃ ነበሩ።

"ግመል መትታቸዋለች?" አለ አቶ ታምራት።

ጉሌድ ተቆጣ። "አዴር ሙሴን? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ግመል እሱን አትመታም። ታፍረዋለች።"

ጥበቃውም "እኔ እዚሁ ነበርኩ። ማንም አልነካቸውም። እንዲያውም ግመሏ ሰላም ስትላቸው ነው ያየሁት" አለ።

አቶ ታምራት እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። "እንግዲህ አደጋ የለም ማለት ነው" ብሎ ፊቱን አዞረ።

እኔ አዴር ሙሴን አየኋቸው። እሳቸው ጉሌድን አዩ። ከዚያ ሻርፓቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

"ዋሪያ ጉሌድ፣ ጥርሴን አሸዋ ውስጥ የፈለግክልኝ አንተ አይደለህም?"

"ዱላህን ነው የፈለግኩት።"

"ዱላዬ በእጄ ነበር። ግመል ናት የመታችኝ። ገና ጥርስ ያልቀየረች ግመል! እናንተም ቆማችሁ አይታችኋል።"

ጉሌድ ትንሽ አመነታና ከወገቡ የተቋጠረ ጨርቅ ፈታ። ጥርሷ ውስጡ ነበረች።

"ጠላት አግኝቶ እንዳይስቅብህ ነው የደበቅኳት" አለ። "እኔ ደግሞ አልማልኩም። ዝም ብዬ ነው የዋሸሁት።"

አቶ ታምራት እንደገና እስክሪብቶውን አወጣ። ጥርሷን ከራጁ ጋር አስተያየ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈ። የክፍያው ፈቃድ በዚያው ወር መጣ።

ብሎኑ ገብቶ አጥንቱ እስኪይዘው ወራት ወሰደ። ጥርሱ የታሰረ ዕለት አዴር ሙሴ ከሕክምናው ወንበር ሳይወርዱ "ወላሂ፣ ወላሂ፣ ወላሂ" አሉ።

"ምን ሆኑ?" አለች ዶክተር ፈርዶሳ።

"እየሞከርኳት ነው።"

ገበያውም እንደ ድሮው ያስመርጣቸው ጀመር እንጂ አልተዋቸውም። የግመሏ ባለቤት ብቻ "አዴር ሙሴን የመታች" እያለ ዋጋዋን ሰቀለ። አዴር ሙሴ ጥርሷን በሩቁ አይተው፣ ውድ ናት ብለው አለፏት።

አሁን ክሊኒኩን ለወጣቶች ትቼ ቤት ተቀምጫለሁ። በእኔ ወንበር ለተቀመጠችው የነገርኳት ይህን ነው። ስለ አደጋው መጀመሪያ ባለጉዳዩን ብቻውን ጠይቂው። ምስክሮቹን ስትጠሪ ደግሞ በፊታቸው እሱ ቀድሞ ይናገር። አለዚያ ወዳጆቹ ስሙን ሲጠብቁለት ጥርሱን ያስቀሩበታል።