ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር

የሳይኮሎጂና የሶሲዮሎጂ መግቢያ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን የክፍሉን በር እቆልፋለሁ። "ያረፈደ ሰው ትምህርቱን የናቀ ሰው ነው" እላለሁ፤ ክርክር አልወድም።

ከሁሉ የምታናድደኝ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ልጆቿን አሳድጋ ከጨረሰች በኋላ የተመዘገበች፣ እጅጌዋ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሴት ናት። ሦስት ጊዜ አርፍዳ በበሩ መስታወት ስታየኝ ሦስቴም ጀርባዬን ሰጠኋት። "ሰነፍ!" አልኩ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

አንድ ማክሰኞ መንገድ ተዘጋና እኔው ሃያ አምስት ደቂቃ አረፈድኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ ተማሪው ሁሉ ኮሪደር ላይ ተኮልኩሏል። ከፊት የቆመችው እሷ ናት።

"መንገድ ተዘግቶ ነው እኮ!" አልኩ እያለከለክኩ።

"አይዞዎት መምህር፣ ያጋጥማል። እኔም የምትተካኝ ተረኛ ካልመጣች ምድጃውን ጥዬ መውጣት አልችልም" አለችና ላቤን የምጠርግበት መሐረብ ሰጠችኝ።

ገብቼ የዕለቱን ትምህርት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ "ሌላው ሲያጠፋ ጠባዩን እንወቅሳለን፤ እኛ ስናጠፋ በሁኔታው እናመካኛለን።" ከሥሩ "ምሳሌ፦" ብዬ ጻፍኩ። በየዓመቱ የማስከትለው ይሄ ነው፦ ያረፈደ ተማሪና ያረፈደ መምህር። በቃሌ የማውቀው ምሳሌ! ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ደብተሯን ገልጣ ትጠብቃለች።

"መምህር፣ ምሳሌውን አይጽፉልንም እንዴ?"