ተዉኝ እና መመሪያ

ተዉኝ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ እሱም አልተቀየመም። እንዴት ይቀየማል? ቃሏ ከአፉ የምትጠፋበት ቀን አልነበረም። የፀጉር አስተካካዮች ማኅበር ግባ ሲሉት ተዉኝ፣ የሱቅህን በር ቀለም ከጎረቤቶችህ ጋር አመሳስል ሲሉት ተዉኝ፣ እህቱ ለብቻህ ከምትኖር እኛ ዘንድ ና ስትለው ተዉኝ። ሱቁ በልብስ ንጽሕና መስጫና በቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሸጎጠች፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። የሚተኛው ከኋላዋ ባለችው ጓዳ ነበር። እዚያም አንድ አልጋ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ ነበሩ። እንግዳ ቢመጣበት በምን እንደሚያስተናግደው እንጃ፤ እንግዳ ግን አይመጣም።

ስለ መንግሥት ያለው አሳብ አጭር ነበር፤ ማብራሪያው ነው የማያልቀው። የሰው ራስ የራሱ የሰውየው ነው ይላል። ማን እንደሚነካውና በምን እንደሚነካው የሚወስነው ባለ ራሱ ነው። እኔ ጥሩ አድርጌ ካልላጨሁት ነገ አይመጣም፤ ከዚህ የባሰ ተቆጣጣሪ ከየት ሊላክብኝ ነው? ደንብ የሚወጣው በደንበኛው ስም ነው፤ የሚጠቅመው ግን ግድግዳውን በሴራሚክ ለማልበስ አቅም ያለውን ትልቁን ፀጉር ቤት ነው፤ ትንሹ በሩን ይዘጋል፣ ደንበኛውም ምርጫው ያንስበታል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ደግሞ ምላጩን የሰው ጉሮሮ ላይ አድርጎ ስለሆነ፣ የሚቃወመው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የጤና ቢሮ ተቆጣጣሪ ሲሆን፣ ከአፉ ከሚወጡት ሦስት ቃላት አንዱ መመሪያ ስለሆነ ስሙ መመሪያ ሆኖ ቀርቷል። መጀመሪያ የተገናኙት በክፉ ነው። መመሪያ ገብቶ ምላጭ የሚቀቀልበት ዕቃ ለብቻው የታለ አለ፤ ተዉኝ ሻይ የሚያፈላበትን ድስት አሳየው፤ ሱቁ ታሸገ። ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ተዉኝ መንግሥትን ሲራገም ከረመ። መቀቀያ ዕቃ ገዝቶ ሱቁ በተከፈተለት ማለዳ የመጀመሪያው ደንበኛ ሆኖ ወንበሩ ላይ ቁጭ ያለው ያው ተቆጣጣሪ ነበር፤ ጢሙን አሳድጎ።

ሌላ ፀጉር ቤት የለም ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ሞልቷል፣ ግን ዛሬ በዚህ ከተማ ንጽሕናውን አፌን ሞልቼ የምመሰክርለት ይኸ ብቻ ነው አለው። ተዉኝ ሊስቅ አልፈለገም ነበር፤ ሳቁ አመለጠው።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ማለዳ ይመጣል። ክርክራቸውም ወግ ያዘ። መመሪያ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ምላጩ ሲሄድበት መናገር ስለማይችል፣ ያ ጊዜ የተዉኝ ተራ ነው። ፊቱ ታጥቦ ሲያበቃና ተዉኝ ጎንበስ ብሎ ዕቃውን በደንቡ መሠረት ሲቀቅል ደግሞ ተራው የመመሪያ ነው። ደንበኛህ ካልረካ አይመለስም ትላለህ፣ በምላጭህ ተመርዞ የሞተውም እኮ አይመለስም፤ በምን ትለያቸዋለህ ይለዋል። ለተዉኝ መልሱ የሚመጣለት ማክሰኞ ገደማ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ይዞት ይከርማል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ሁለቱም ሌላ ወዳጅ አልነበራቸውም፤ ግን ወዳጄ ነህ የተባባሉበት ቀን የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን በየቤቱ እየዞረ የሚላጭ አንድ ሰው በቆሸሸ ምላጭ ደንበኞቹን በሽታ አስያዘ። አንደኛው ሞተ። መመሪያ ሆስፒታል ሄዶ የሟቹን ፊት አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እህል አልበላ ብሎት ነበር። አዲሱን ደንብ ያረቀቀው እሱ ነው፤ ከተፈተሸ ሱቅ ውጭ ማንም ማንንም እንዳይላጭ።

ተዉኝ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ከአልጋው የማይነሳ በሽተኛስ? እሱ ጢሙን ወዴት ይውሰደው? መመሪያ፣ ደንብ የሚወጣው ለብዙው ሰው ነው አለ። ተዉኝም ብዙውን ሰው አላውቀውም፣ እኔ የማውቀው አንድ አንዱን ነው አለው። ቤታቸው እየሄደ የሚላጫቸው አቅመ ደካሞች ነበሩት፤ ምላጩን ቀቅሎ፣ ንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ፣ በትንሽ ቦርሳ ይዞ መሄዱን አልተወም። መመሪያ ቦርሳይቱን በሩ ሥር ያያታል። ምን እንደያዘች አልጠየቀም። ያ ጠያቂ አፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ ተዘግቶ ኖረ።

መመሪያ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ሰነፈ። ከሴት ልጁ ጋር የሚኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ልቡ ደካማ ስለሆነ ከአልጋው ባይንቀሳቀስ ይሻላል ብሏል። ቅዳሜ መጣ፤ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ተዉኝ መታመሙን ሰምቶ በማግስቱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ደረጃውን ወጣ።

ልጅቱ በደስታ ተቀበለችው፤ ውኃ አሞቀች። መመሪያ ግን ምላጩን ሲያይ ጤነኛ እጁን አነሳና በተጣመመ አፉ አይሆንም አለ። ይኸ የተፈተሸ ሱቅ አይደለም።

ተዉኝ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ ደሙ ፈላ። ደረጃውን እያጉረመረመ ወረደ፤ ሲነጋም በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ጤና ቢሮ ሄዶ ፈቃድ ለመለመን ተሰለፈ። ያ ሁሉ ተዉኝ የት ገባ የሚለው ሰው አጠገቡ አለመኖሩ በጀው። መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ፣ ለአንድ በሽተኛ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ተማጸነ። ወጣቱ ሠራተኛ በደንቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም አለው። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቴ፣ ዝም ብለው ይላጩት፣ ማን ያይዎታል አለው።

ተዉኝ አራተኛ ፎቅ ድረስ እየሮጠ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢሮው ራሱ ዝም ብለህ ላጨው ብሏል ብሎ አወራለት። መመሪያም፣

"ደንቡ ባይኖር፣ እኔ እንዲሁ አይሆንም ብልህስ ምን ታደርግ ነበር?" አለው።

"እተው ነበራ። ፊቱ ያንተ።"

"እንግዲያው ደንቡን እርሳው። አይሆንም ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ተዉኝ ዕድሜውን ሙሉ የሰበከው ነገር ነው። ማንም ሰው በገዛ ገላው ላይ ሲወስን ሌላው እጁን ይሰብስብ ያለው እሱ ነው። ቢጨቀጭቀው፣ ቢቆጣው፣ ለራስህ ነው ብሎ ቢጫነው፣ ማኅተም ይዘው በሩን ከሚበረግዱት በምን ይለያል? ምላጩን አጠፈ። ቦርሳውን ዘጋ። አክብሮት ማለት ይኸ ነው ብሎ ከልቡ አምኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ እጁን ይመጣል። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም፤ ጉልበቱ ላይ ያኖራቸዋል፣ ያነሳቸዋል፣ ኪሱ ይከታቸዋል። በሰው ቤት ያለ ሥራ ተቀምጦ አያውቅም። ክርክሩም አልሆን አለ፤ ወይ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይጀምራሉ፣ ወይ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የመመሪያ ጢም አደገ፤ ነጭ ሆኖ አንገቱን ሸፈነው። ምግብ ይያዝበታል፤ ልጅቱ በማንኪያ ጫፍ ታራግፍለታለች። ተዉኝ ይህን ላለማየት በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። እጁን ዘርግቶ ቢጠርግለት ምን ነበረበት? አልጠረገለትም።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሱቁ ውስጥ መብራት ሳያበራ ይቀመጥ ጀመር። ሌሎች ደንበኞች ይመጣሉ፣ ይላጫሉ፣ ይሄዳሉ። ስለ መንግሥት ማውራት ተወ። ብቸኝነት እንዲህ አንጀት ድረስ እንደሚገባ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻዬን ነኝ ሲል ነፃ ነኝ ማለቱ ነበር።

አንድ ማለዳ ልጅቱ ራሷ ሱቁ ድረስ መጣች። ዓይኗን አይቶ ገባው።

ፎቁ ላይ ሲደርስ መመሪያ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለት ጎረቤቶች ሊያጥቡት ቆመዋል። ልጅቱ ቦርሳውን ይዘህ መጥተሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። ይዟል፤ እንዴት እንደያዘው ራሱም አላወቀም። ላጭልኝ፣ ሰው የሚያውቀውን ፊቱን መልስልኝ አለችው።

"አይሆንም ብሎኛል፣ ልጄ።"

"እኔ ልጁ ነኝ፣ እፈቅድልሃለሁ።"

"ፊቱ የሱ ነው።"

ልጅቱ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። አጠገቡ ቆማ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ጋሼ፣ አንተ በወጣህ ቁጥር ምን ይለኝ እንደነበር ልንገርህ? ዛሬም አልጠየቀኝም ይለኛል። ሁሌ። ዛሬም አልጠየቀኝም።"

ተዉኝ አንድ ጊዜ አይሆንም ያለ ሰው ሁለተኛ እንዲጠይቁት ሊፈልግ እንደሚችል አስቦት አያውቅም። የሰውን አይሆንም ማክበር እንጂ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ ማንኳኳት የሌላ ሰው ሥራ ይመስለው ነበር። ስንቱ ቅዳሜ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ የሚፈለግበትን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ እንደሄደ ታሰበው።

ቦርሳውን ከፈተ። ፎጣውን ዘርግቶ ምላጩን አወጣ፤ ልጅቱ የሞቀ ውኃ አቀረበች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ያን ነጭ ጢም በእጁ መዳፍ ያዘው። ጎረቤቶቹ እየሰሙ፣ ሳያፍር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀው።

"ልላጭህ? እባክህ፣ ልላጭህ?"

ጠበቀ። ልጅቱ በዓይኗ ለመነችው፤ ጎረቤቶቹም ቀጥል በሚል ዓይን አዩት። እሱ ግን ይህን አያውቅበትም፤ ዝምታን እሺ ነው ብሎ ለራሱ መንገር አልቻለም። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጢሙን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ በጣቶቹ ቀስ አድርጎ አበጠረለት፣ በንጹሑ ፎጣ አፉን ጠረገለት፣ ምላጩንም አጠፈ።

መመሪያ ከነጢሙ ተቀበረ።