ከመስታወቱ ወዲህ

ጂማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የተከራየነው ቤት አንድ ደህና ነገር ብቻ ነበረው፤ እሱም መስኮቱ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ሽንት ቤቱን ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር እንጋራለን። መኝታ ቤቱ ግን በአንድ በኩል ከወገብ በላይ መስታወት ነበር፤ ፊቱም ወደ ምሥራቅ። ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ እኛ ቤት ትገባለች። እናቴ ልታርሰኝ ከአገሯ፣ ከየቡ ገጠር የመጣች ቀን ጓዟን ሳታስቀምጥ መስኮቱን አይታ፣ «ማሻአላህ! ልጁ እዚህ ነው የሚያድገው» አለች። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ልጄ የተወለደው ክረምቱ ሲገባ ነው። የጂማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ሰማዩ ዝቅ ይልና አልነሳም ይላል፣ የታጠበ ልብስ ሻጋታ እየሸተተ ይደርቃል። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። እኔም አራስነቴ እንዳበቃ ሄርማታ ገበያ ወዳለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ተመለስኩ፤ ልጁን አዝዬ ወስጄ እያጠባሁ፣ አንዳንዴም ለእናቴ ትቼው እየተመላለስኩ። ስለዚህ ቤቱ የእናቴ ነበር ማለት ይቻላል። እኔም የእሷ ነበርኩ።

ለክትባት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነርሷ ሁለት ነገር አዘዘች፤ ለእኔ የቫይታሚን ክኒን፣ ለልጁ የቫይታሚን ዲ ጠብታ። «የእናት ወተት ለሁሉም ነገር ይበቃዋል፤ ለዚህ ለአንዱ ግን አይበቃም» አለችኝ። ክኒኑ ተገኘ። ጠብታውን ግን «ይመጣል» የሚል እንጂ «አለ» የሚል መድኃኒት ቤት ከተማው ውስጥ ጠፋ። ተመልሼ ስነግራት ነርሷ ትከሻዋን ሰበቀች። «እንግዲህ እስኪመጣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» አለችኝ፤ ቀጣይዋን እናት ጠራች።

እናቴ ከክኒኑ ጋር ወዲያው ተጣላች። የምታጠባ ሴት መድኃኒት ከዋጠች ወተቷ ይመርራል ባይ ናት። «አብሽና አጥሚት እያለ ይሄ ምን ይሠራል? ያን ሁሉ ልጅ ያሳደግኩት በክኒን ነው እንዴ?» አለች። የቀበረቻቸውን ትታ ያሳደገቻቸውን ብቻ እንደምትቆጥር ልነግራት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሷ እየተነጫነጨች እኔ ክኒኑን ጨረስኩ። ሌላ ልገዛ ስሄድ እሱም «ይመጣል» ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ሥራው በዛ፣ ልጁም ይጠባል፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ፀሐዩን ግን እናቴ ወደደችው። ፀሐይ ማለት የእሷ ሙያ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የቡ ላይ ቡና ስታደርቅ የኖረች ሴት ናት፤ እሸቱን የማድረቂያ አልጋው ላይ አስጥታ ስታገላብጥ፣ ዳመና ሲመጣ ስትሸፍን፣ ሲገልጥ ስትገልጥ። ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ በእጇ ይዛ ጆሮዋ ላይ አንቀጫቅላ መድረቁን ትናገራለች። ነርሷ ያለችውን ስነግራት፣ «ይሄን ለእኔ ተዪው» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰማዩ ከገለጠ ሥራዋ አንድ ነው። መጀመሪያ መስታወቱን በጋዜጣ ትወለውላለች። ቀጥላ ልጁን ራቁቱን ታደርግና በቅቤ አሽታ፣ እያዜመችለት ጉልበቷ ላይ ታጋድመዋለች። መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ሲከፈት ንፋስ ይገባል፣ ብርድ ይመታዋል፣ ደግሞም የመንገደኛ ዓይን አለ። ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። የልጁ ግንባር ችፍ ሲል ደስታዋን አትችለውም፤ «አየሽ ላቡን? ገባለት እኮ!» ትለኛለች። ጎረቤቶች ሊጠይቁ ሲመጡ አያቱን አይተው ይመርቃሉ። እኔም ከልቤ አመሰግናት ነበር። እንደሷ ያለች እናት ያላት ሴት የታደለች ናት እያልኩ ማሽኔ ላይ እደፋለሁ።

ልጁ ለመቀመጥ ዘገየ። የወፍራም ልጅ ነገር ነው ተባለ። የእጁ አንጓ አበጥ አበጥ አለ፤ አምባር ያጠለቀ ይመስላል። የጎረቤት ልጆች እርግብግቢት ሲገጥም የሱ እጄ ሥር ይርገበገባል። ሲተኛ ራሱ በላብ ይርሳል፤ ጉንፋን ያዘው ስንል ደረቱ ላይ ይወርዳል። እናቴ ቅቤውን ጨመረች፣ የመስኮቱን ጊዜ አስረዘመች። እኩዮቹ ከሰፈሩ ውሻ ጋር ሲሯሯጡ የኔ ልጅ በቂጡ ይንፏቀቃል። «ወፌ ቆመች» የምንልበትን ቀን ስንጠብቅ ከረምንና አንድ ቀን የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ተነሳ። ማናችንም አላጨበጨብንም። እግሮቹ ከጉልበቱ በታች ወደ ውጪ ጎብጠው፣ ደጋን መስለው፣ ከሥሩ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ሆስፒታል የወሰድኩት ብቻዬን ነው፤ እናቴ ጉልበቷን አሟት ቤት ቀርታ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ ብዙ ጊዜ አየው።

«ሪኬትስ ነው፣ እህቴ። የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው፤ አጥንቱ አልጠነከረም» አለኝ። «ፀሐይ ይሞቃል?»

«በየቀኑ!» አልኩት፤ እንደመኩራትም ቃጣኝ። «እናቴ አንድ ቀን አታስታጉለውም።»

«የት ነው የምታሞቀው?»

«እቤት። ትልቅ መስኮት አለን።»

«መስኮቱ ተከፍቶ?»

«ኧረ ተዘግቶ ነው፤ ብርድ እንዳይመታው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። መስታወት ሙቀቱን እንደሚያሳልፍ፣ ሰውነት ቫይታሚኑን የሚሠራበትን ጨረር ግን ውጪ እንደሚያስቀረው ቀስ ብሎ ነገረኝ። ልጁ ሲሞቅ ነው የከረመው እንጂ የሚጠቅመውን ፀሐይ አላገኘም። ቀጥሎ ስለ እኔ ጠየቀኝ። ጠዋት ተሸፋፍኜ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ እንደምውል፣ ክኒኑም ካለቀ እንደቆየ ነገርኩት። «አንቺ ጋ የሌለ ነገር ወተትሽ ውስጥ ከየት ይመጣል?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ለሁለታችንም አዘዘልንና ወጣሁ።

በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ የምናደድበት ሰው ፈለግኩ። አላገኘሁም። ነርሷ ፀሐይ አሙቂው አለች፤ እናቴም አሞቀች። ያን ያህል ጠዋት፣ ያን ያህል ቅቤ፣ ያን ያህል ዜማ። ጉልበቷ ራሱ የታመመው ልጁን አጋድማ ስትቀመጥ ነው። ይህን ለእሷ መንገር ምን እንደሚያደርጋት አውቃለሁና በሩ ላይ ቆማ ሳያት ውሳኔዬ አለቀ።

«ማል ጄዳኒ? ምን አሉሽ?»

«የቫይታሚን እጥረት ነው አሉ።»

«ከምን መጣበት?»

«ከወተቴ» አልኳት። «ወተቴ ቫይታሚን የለውም አሉ።»

ውሸት አልነበረም፤ ግማሹን ነው የተውኩት። እናቴ አገጯን ይዛ፣ «እኔ እኮ ወተትሽ ውኃ ውኃ ይላል ብዬሽ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ይህንኑ አወራች። ጎረቤት ሰማ፣ የባለቤቴ ዘመዶች ሰሙ፣ ሄርማታ ሱቄ ድረስ መጥተው ስለ ወተቴ የሚመክሩኝ ተገኙ። በጥርሴ ክር እየበጠስኩ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእንደኔ ዓይነቷ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ጠብታውን ባለቤቴ ከአዲስ አበባ አመጣው። እኔም ክኒኔን እናቴ ፊት ዋጥኩ፤ ያኔ አንድም ቃል አልተናገረችም። ልጁ ዳነ ማለት ይቻላል። አንጓው ጎደለ፣ ላቡ ቀረ፣ መራመድ ጀመረ። ቀኝ እግሩ ቀና አለ። ግራው ግን ተሻሽሎ ተሻሽሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ ጉብጠቱን እያየ፣ ይህ የቀረው በመድኃኒትም በፀሐይም እንደማይቃና፣ ካደገ በኋላ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ በቀር ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ለእናቴ ይህንንም አልነገርኳትም። እሷ ወደ የቡ ተመልሳ ነበር።

በዚያው ዓመት እናቴ ጋ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ወለደች። እናቴ ስልክ ደውላ ስትነግረኝ ድምፇ ከደስታ ብዛት ይሰበራል። የሕፃኗን መልክ ነገረችኝ፣ ሰላሟን ነገረችኝ፣ ከዚያ፣ «መስኮትም አስገጠምኩላት» አለችኝ። «ትልቅ መስታወት። ልክ እንደ ጂማው! ወላሂ ክፍሉ ሲሞቅ ብታዪ።»

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ፣ በመጨረሻ መድኃኒት ቤት የገባውን ጠብታና ክኒን ገዝቼ፣ ልጄን ይዤ የቡ ወረድኩ። የቡና ለቀማ ወቅት ነበር፤ መንገዱ ዳር ቀይ እሸት ተሰጥቶ ይታያል። እናቴ ከአዲሱ መስኮት ጀርባ ሕፃኗን ጉልበቷ ላይ አጋድማ አገኘኋት። ቅቤው ያብረቀርቃል። እህቴ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ትስቃለች። ልክ የእኔ ክፍል ነበር።

ሳልቀመጥ ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩት።

«ንፋስ!» ብላ እናቴ ተነስታ ዘጋችው። ደግሜ ከፈትኩ። «ምን ሆነሻል? ልጅቷን ልትገዪ ነው?» ብላ እጄን ያዘችኝ።

ከዚህ ወዲያ መንገድ አልነበረኝም። መስታወቱ የሚያስገባውንና የሚያስቀረውን፣ ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ ነገርኳት። ለስለስ አድርጌ ልናገር አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም፤ ሳለቅስ ነው የነገርኳት። እህቴ ሕፃኗን ተቀበለቻት። እናቴ እጇ ባዶ ሆኖ ቆመች። በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ያሉት የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ይታያሉ፤ ያንን ስታይ ቆየች።

«ቡናዬን እንኳ ቤት ውስጥ አድርቄ አላውቅም» አለች።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ወተቴ ነው ያልሽው ለእኔ ብለሽ ነው?»

እንባዬን ጠረግኩ።

«ለሰው ሁሉ አወራሁ እኮ። ያ ረቢ! ያንቺን ወተት ለሰው ሁሉ አወራሁ።» አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ያን ቀን ምሳም አልቀመሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ ቤት ውስጥ አልነበረችም። እህቴ ክኒኗን ውጣ፣ ለሕፃኗ ጠብታውን ሰጥታ ነበር። ግቢው ውስጥ፣ ከቡናው አልጋ አጠገብ፣ እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን በጠዋቱ ፀሐይ ይዛለች። መንገደኛ ያልፋል፣ ንፋሱም ቀላል አልነበረም፤ ሁለቱም ግድ አልሰጧትም። ልጄ ቡናውን በእጁ ሲያንቀጫቅል ቆይቶ መጣና፣ «እኔስ?» አላት።

ሕፃኗን ለእህቴ ሰጠች። ሱሪውን አውልቃ እንደ ሕፃን ጉልበቷ ላይ አጋደመችው፤ ትልቅ ልጅ ነውና እግሮቹ መሬት ይነካሉ። ግራ እግሩን ወደ ፀሐዩ አዞረችና በሁለት እጇ ታሸው ጀመር፣ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ሳታርፍ። ቡናው ሳይገላበጥ ፀሐዩ ከረረ። እሷ ግን አልተነሳችም።

«ይቃናል፣ አይደል?» አለችኝ ቀና ብላ ሳታየኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኳት፤ ሄጄም ቡናውን አገላበጥኩላት።