በሹክሹክታ የተሰበከ ስብከት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልተቻለኝ ልመሰክርላችሁ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ በእህል በረንዳ ጤፍ ስሸጥ ታውቁኛላችሁ። በልጅነቴ ግን የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ዳዊት ደግሜ፣ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጬ ትርጓሜ ተምሬአለሁ። ፊደልንና ፈሪሃ እግዚአብሔርን የሰጠኝ ያ ትምህርት ነውና አልንቀውም። ሆኖም ቃሉን ለሌላው ስተረጉም፣ ለእኔም የተላከ መሆኑን አላስተዋልሁም ነበር። አንድ ቀን ጆንያ ላይ ተቀምጬ ገዢ ስጠብቅ፣ ወንጌል ገልጬ አባትየው ሮጦ የጠፋ ልጁን ሲያቅፍ አነበብሁ። የታቀፍሁት እኔ መሆኔ የገባኝ ያኔ ነው። ሃሌ ሉያ!

ከዚያ በኋላ ከእናንተ ጉባኤ ጋር ተቀላቀልሁ፤ ሽማግሌዎቻችንም ስብከት እንድማር ላኩኝ። አስተማሪያችን እህት ሰላማዊት ነበረች። እኔም ባደግሁበት ልማድ ተዘጋጅቼ ቀረብሁ፤ ጥቅሱን አንብቤ አንድ ትርጓሜ እሰጣለሁ፣ «አንድም» ብዬ ሌላ እጨምራለሁ፣ ደግሞ «አንድም» እላለሁ።

«ጋሼ፣ እጅግ ያምራል» አለችኝ። «ግን ሰሚው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው የትኛውን ነው?»

«ሁሉንም ነዋ!»

«እስቲ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይንገሩኝ።»

ሞከርሁ፤ መሐል ላይ ትን አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን አንገቴ ላይ የቆየው እንቅርት አድጎ ትንፋሼን አጠበበውና ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ስነቃ ድምፄ የለም። ሐኪሙ፣ «አባት፣ እንቅርቱ የድምፅ ነርቭዎን ተጭኖት ቆይቷል። ድምፅዎ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰብክበት እሑድ ተቃርቦ ነበር! «እግዚአብሔር በሩን ዘጋብኝ» ብዬ ለባለቤቴ ለብርቅነሽ አንሾካሾክሁ።

«ጩኸት ቢፈልግማ የዱባይ ተራን የልብስ ነጋዴዎች ድምፅ ማጉያ ይጠቀም ነበር!» አለችኝ። «ይልቅ ተነሥና ተዘጋጅ።»

ምንባቤ ደም ይፈስሳት ስለ ነበረችው ሴት ነበር። ትርጓሜው እንደ ልማዴ ጎረፈልኝ፤ ትንፋሼ ግን አይበቃም። እየጸለይሁ አንዱን ተውሁ፣ ሌላውን ተውሁ፤ እያንዳንዱን ስተው ልቤ ይሳሳ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ቃል ቀረችልኝ፤ «ጌታን ለመንካት ብርታት አያስፈልግም፤ መቅረብ ይበቃል።» ለሰላማዊት በአንድ ትንፋሽ ነገርኋት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «ጋሼ፣ ይህችን ይስበኩ» አለችኝ።

እሑድ ደረሰ። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከዚህ አዳራሽ ሥር ያለው የልብስ ሱቅ በድምፅ ማጉያ «ቅናሽ! ቅናሽ!» ይል ነበር። ብርቅነሽ ወርዳ ባለ ሱቁን ሐጂ ኑሪን ድምፅ ማጉያውን እንዲዘጉልን ለመነቻቸው።

«ለጋሼማ እንዘጋለን!» አሉ። «ጥቂት ጸጥ ብንል ገበያው የት ይሸሻል?»

እግዚአብሔር ይስጣቸው! እኔም በሹክሹክታ ሰበክሁ። እናንተም ለመስማት ወንበራችሁን ትታችሁ እግሬ ሥር ተቀመጣችሁ። የብርቅነሽ ወንድም አበራ፣ «ስብከት እንቅልፍ ያመጣብኛል» እያለ ከበሩ የማያልፈው፣ ያን ቀን ወደ ፊት መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ መጸለይ አላውቅም። እንዲያው ዝም ብዬ ልቅረብ?» አለኝ።

«ቅረብ» አልሁት። ቀረበ፤ ጌታም ተቀበለው። ክብር ለስሙ ይሁን!

ከዚያ ወዲህ ድምፄ ቀስ በቀስ ተመለሰልኝ። ሐኪሙም መርምሮ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አባት፤ ነርቩ አገግሟል» አለኝ። ሻካራ ቢሆንም ይኸው ትሰሙታላችሁ፤ ጌታ ይመስገን! ድምፄን ስለ መለሰልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ድምፅ ባልነበረኝ ጊዜ ስላስተማረኝ ደግሞ አብልጬ አመሰግነዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ አቅም ያጣ፣ የጸሎት ቃል የጠፋበት ሰው ቢኖር እስኪበረታ አይጠብቅ። ባለበት ሆኖ ጌታን በሹክሹክታ ይጥራው። ይሰማል፤ እኔን ሰምቶኛልና።