ጭስ የጠጣው ሞተር

ታላቅ ወንድሜ የውሃ መሳቢያ ሞተሬን ገደለብኝ። ሰው ሁሉ «ዝጎ ነው» ይላል። ዝገት በራሱ እግር አይመጣም፤ ያመጣው እሱ ነው።

ሞተሩን የገዛሁት ለነጭ ሽንኩርት ነበር። ከደባርቅ ወረድ ብሎ ነው ማሳዬ፤ በበጋ ወንዙ ከሥሩ ይሄዳል፣ መሬቱ ግን ውሃውን እያየ ይደርቃል። ክረምት ሲገባ ሞተሩ ሥራ የለውም፣ ይቀመጣል። አቀማመጡን ያሳየኝ ዳባት ያለ መካኒክ ነው። ውሃውን ከፓምፑ ታፈሳለህ፣ ቤንዚኑን ታወጣለህ፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትተህ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ታንጠባጥባለህ፣ ከዚያ ካንዴላውን መልሰህ ታጠብቅና የማስነሻ ገመዱን ቀስ ብለህ ትስባለህ። ከበድ ሲልህ እዚያው ላይ ተወው አለኝ፤ ያኔ የሆዱ በሮች ሁሉ ተዘግተዋል፣ እርጥብ አየር አይገባውም። የጭስ መውጫውንም በጨርቅ ትወትፋለህ።

ሁሉንም አደረግሁ። ለአረም ሥራ ወደ መተማ መውረዴ ስለነበር በወንድሜ እህል ቤት፣ በደረቁ ጥግ፣ ሳንቃ ላይ አስቀምጬ በሸራ ሸፈንኩት። እንዳይነካውም ነገርኩት። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ከከብት ኋላ ነው ያሳደገኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ፣ በማታ ትምህርት ነው። እሱ ዛሬም አልቆጠረም። ስነግረው ሳቀ።

«ፊደል ቆጠርክና ዕቃ አቀማመጥም ልታስተምረኝ መጣህ?» አለኝ።

በእኛ አገር ዘር ተዘርቶ ሲያበቃ ሞፈርና ቀንበር ከምድጃ በላይ ይሰቀላል። ጭስ የጠገበ እንጨት ነቀዝ አይደፍረውም። ወንድሜ ሞተሩንም እንደ ቀንበር አየው። ዝናቡ ሲበረታ ከጎረቤት ጋር ተሸክሞ ማድቤት አገባው፤ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አወጣው። ሸራውን ገፈፈ። ጭሱ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ብሎ ጨርቁን ነቀለ። ይህም አልበቃው፤ በየሰንበቱ ገመዱን እየሳበ ጭስ አጠጣው። ከጭሱ ጋር የድስት እንፋሎት ገባ። ቀን ምድጃው ያሞቀዋል፣ ሌሊት ብርዱ ይወርድበታል፤ ብረቱ በውስጡ ያልበዋል። ክረምቱን ሙሉ የገዛ ላቡን ሲጠጣ ከረመ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ እንደ ውለታ ቆጥራ።

ከመተማ ተመልሼ የመሬቱን እርጥበት ተማምኜ ሽንኩርቴን ተክዬ ነበር። መሬቱ መድረቅ ሲጀምር ሞተሩን ከወንድሜ ቤት አወጣሁና ገመዱን ብስብ ንቅንቅ የለም። መካኒኩ ፈታው። ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ በርበሬ የቀላ ዝገት፣ በላዩ ጥላሸት፤ ፒስተኑ ከግድግዳው ተጣብቋል። አይድንም አለኝ። እኔና ሚስቴ ከወንዙ በባልዲ እየቀዳን አጠጣን። የታችኛው ጥቂት ተረፈ፤ የላይኛው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ገለባ። ከወንድሜ ጋር ሰላምታ አቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን ሳየው በሌላው በር እወጣ ጀመር።

ሽማግሌዎች ገቡ። ነገሩን ሰምተው በእሱ ፈረዱበት፤ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ታላቅ ለታናሹ ድንጋይ ሲሸከም አይቼ አላውቅም። መጣ። ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ደጄ ላይ ቆመ። የተበደለው «ይጣሉት» እስኪል ድረስ መቆም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ፈለግሁ።

«ጋሼ፣ አይንኩት ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

ድንጋዩን ወደ ሌላው ትከሻ አዞረው።

«ከቤቴ የተሻለውን ቦታ ነው የሰጠሁት» አለ። «ቀንበሬን አውርጄ ነው እሱን ያወጣሁት። ቀንበሩን ነቀዝ በልቶታል፤ ሂድና እይ።»

አልሄድኩም። ወንድሜ ብዙ ነገር ነው፣ ውሸታም ግን አይደለም። ያቃጠለኝም ይኸው ነው፤ በክፋት አድርጎት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ አፌን አፌን ያያሉ።

«ይጣሉት» አልኩ።

ጣለው። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ፤ እሱም እንደ ሕፃንነቴ ራሴን ዳበሰኝ፣ እጁ ጭስ ጭስ ይላል። ሞተሩ አልተተካም፤ ከየት ያመጣዋል? የላይኛው ማሳ ያን በጋ ጦሙን ባጀ። እርቁ የወረደው፣ ነገሩም ያለቀው፣ በዚያው ዓመት ጥር ሃያ አንድ ቀን ነው።