ሰባት ቀን ያልታጠበ ፊት

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ቢቸና ወዳለው ሱቄ ገብታ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። የስድስት ዓይነት የፊት ቅባት ፎቶ ተደርድሮበታል፤ የጠዋት፣ የማታ፣ የፀሐይ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አላወቅሁትም። "ሁሉንም ዛሬ ልጀምር ነው" አለችኝ። "ትንሽ ቢያቃጥል ችግር የለውም አይደል? እየሠራ ነው ማለት ነው ይላሉ።"

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው የጀመረው ቢሆን ባልከፋኝ ነበር። በዚህ አገር ግን ይህን ወሬ ከቅባት ጋር አብረው ከሸጡት አንዷ እኔ ነኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሱቅ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሸራና የማያርፍ ምላስ ነው። ከባሕር ዳር ሳሙናና ቅባት እያመጣሁ በሳምንት አንድ ቀን ሞጣ ገበያ እወጣለሁ፣ በሌላው ቀን እዚሁ ቢቸና እሸጣለሁ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ቆዳ ስጠየቅ ግን የማልመልሰው ነገር አልነበረም። ገበያ ላይ "አላውቅም" የሚል ነጋዴ ሸራውን ጠቅልሎ ቤቱ ይግባ።

ከዕቃዬ ሁሉ የሚፈለገው ፊት ያጠራል የሚባለው ቅባት ነበር። ገዢዎቼ በሳምንታቸው ተመልሰው "አሳከከኝ፣ ቀላብኝ፣ ሽፍ አለብኝ" ይሉኛል። ባሕር ዳር ቅባቱን ያስረከበችኝ ሴት "ለጥቂት ቀን ያስቸግራል፣ ከዚያ ይለመዳል" ብላኛለች። እውነትም አንዳንዱ ፊት ይለምደው ነበር። ይህ መልስ ግን ለእኛ አገር ሰው ቀጭን ነው። እኔ አወፈርኩት። "ጠበል ስትጀምሪ የተደበቀውን አያወጣውም እንዴ? ይኼም እንደዚያው ነው" እላለሁ። በጠበል በሽታ ከመሻሉ በፊት ሲብስ ያላየ ማን አለ? ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ሴትዮዋም ያሳከካትን ቅባት እንደ ስለት ይዛ ትሄዳለች።

የሺ የመጣችው ሁዳዴ ሊጋመስ ሲል ነው። ሞጣ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት የእትዬ ጥሩ ልጅ ናት፤ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ጉንጯ ላይ ጥቂት ብጉር ነበረባት፣ በዚያ ዕድሜ የማይጠፋ ዓይነት።

"ለሠርጌ ይደርስልኛል?"

"ይተርፋል እንጂ!" ብዬ ቅባቱንም፣ አብሮት የሚሄደውን ሳሙናም፣ አንድ ሌላ ማለስለሻም ጨምሬ ሸጥኩላት።

በሳምንቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከእናቷ ጋር መጣች። ጉንጯ ቀልቶ መላጥ ጀምሯል። "ያቃጥለኛል" አለች። እኔም የተለመደውን የጠበል ነገር አወራሁላቸው። እትዬ ጥሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነቷን ነው፤ የሚጎዳው የጀመሩትን ማቋረጥ ነው" አሉ። እኔ ለገበያ ማድመቂያ ያልኩትን እሳቸው ሥርዓት አድርገው ይዘውት እንደሄዱ አልገባኝም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በማለዳ ከቢቸና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ አቧራው በማይዘጋው መስኮት እየገባ ቋጥሬ የያዝኩትን የሱፍ ፍትፍት እንኳ አፈር አፈር አሰኘው። ሞጣ ደርሼ ሸራዬን ሳልዘረጋ እትዬ ጥሩ መጡ። ደስ ብሏቸዋል። ያስፈራኝም እሱ ነው።

"እንደ ጠበሉ ሰባቱን ቀን ጨረሰች!" አሉኝ። "አንድም ቀን አላጓደለች።"

"ጠዋት ጠዋት ትታጠበዋለች አይደል፣ እትዬ?"

"ምን መታጠብ አለ? ጠበል ተጠምቆ የሚጠርግ አለ እንዴ! ማታ በተቀባችው ላይ ጠዋት ትደርባለች። ዓይኗ እስኪያብጥ ወጣላት እኮ!"

ሻንጣዬን ለገበያ ጎረቤቴ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው።

የሺ ጓዳ ውስጥ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ በእብጠት ተከድነዋል፤ ቀኝ ጉንጯ እዥ ይወጣዋል።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ባለ ቅባቷ።"

"መጣሽ? በይ ንገሪኝ፣ ስንት ቀን ቀረኝ? አሁንስ መሳቅም አቃተኝ።"

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "ትንሽ ነው" ብል እናትም ልጅም ያምኑኛል። ሠርጉ ሃያ ቀን አይሞላውም። እውነቱን ብናገር ደግሞ የእትዬ ጥሩ መደብ ገበያው መሃል ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞጣ ላይ ሸራዬ ፊት የሚቆም አይኖርም።

"እትዬ፣ ይኼ ጠበል አይደለም" አልኩ። "ቅባት ነው። የጠበሉን ነገር ያመጣሁት ከራሴ ነው። የሚወጣላት ነገር የለም፤ እየተቃጠለች ነው። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "የእግዜርን ነገር የሳሙና መሸጫ አደረግሽው?" አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ሲስተር ከወላይታ ተመድባ የመጣች፣ ድምፅዋን የማታነሣ ልጅ ነበረች። "ስንት ነገር ነው በአንዴ የጀመረችው?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ሦስቱን ነገርኳት።

"ታዲያ የጎዳት የትኛው እንደሆነ በምን እንለየው? ሦስት እንግዳ በአንድ ቀን አስገብታችሁ ዕቃ ቢጠፋ ማንን ልትይዙ ነው?"

አዲስ ነገር ሲጀመር ፊት ጥቂት ደረቅ ቢል፣ ትንሽ ቀላ ቢል፣ ሊያልፍ ይችላል አለችኝ። ካበጠ፣ እዥ ከቋጠረና ካንገበገበ ግን ወዲያው ይቆማል እንጂ አይታገሡትም። መጀመሪያ ክንድ ላይ ይሞከራል፣ ከዚያም አንድ በአንድ ይጀመራል። እኔ ስንት ዓመት እየሸጥኩ ያላወቅሁትን እሷ ካርድ እየጻፈች ነገረችኝ። ሁሉንም አስቁማ፣ ፊቷን በንጹሕ ውሃ አጥባ፣ መድኃኒትና ቫዝሊን ሰጥታ፣ ከፀሐይ እንድትርቅ አዝዛ ሸኘችን።

በየሦስት ቀኑ ከቢቸና እየተመላለስኩ አየኋት። እትዬ ጥሩ በር ይከፍቱልኛል፣ አያናግሩኝም። እብጠቱ ወረደ፣ ዓይኗ ተከፈተ። ቀኝ ጉንጯ ላይ ግን ጠቆር ያለ ሰፊ ምልክት ቀረ። ሲስተር በወራት ይለቃል አለች፤ ሠርጉ ግን የቀሩት ቀናት ብቻ ነበሩ። ገበያውም እንደፈራሁት ሆነ። ከዓመት በላይ ሞጣ ላይ የልብስ ሳሙና እንኳ የሚገዛኝ አጣሁ። አልፈረድኩባቸውም።

ባለፈው ማክሰኞም ለባንኳ ልጅ ከስድስቱ አንዱን ብቻ ሸጥኩላት፤ "ክንድሽ ላይ ሞክሪው፣ ካንገበገበሽ ጣይው" አልኳት። አምስቱን ከማዶው ሱቅ እንደምትገዛ አውቃለሁ። እኔ ከዕቃ ሁሉ በቀላሉ ሲሸጥ ያየሁት ትዕግሥት ነው። ሰው ሕመሙ ለበጎ ነው ከተባለ የማይችለው የለም፤ ስለዚህ ይህን የሚናገር ሰው እርግጠኛ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም።

ከየሺ ጋር ዛሬም እንጠያየቃለን። ባለፈው ወር ለልጇ ምርቃት ሞጣ ጠርታኝ ሄድኩ። የሠርጓ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አንገቷን ደፍታለች፣ ቀኝ ጉንጯን ቬሉ ጋርዶታል። አንዲት የባሏ ዘመድ ትኩር ብለው አዩትና፣ "የዱሮ ሙሽራ ይህቺ ናት! ቀና እንኳ አላለች። የዛሬዎቹ ካሜራ ሲያዩ ጥርሳቸው አይከደንም፤ ይህን የመሰለ ጨዋነት ከየት ይመጣል?" አሉ።

የሺ ዶሮ ወጥ እያወጣችልኝ ነበር። ጭልፋዋን ወደ እኔ ቀሰረች።

"እኔስ ከዚህች ነው የገዛሁት።"

እንግዶቹ ሳቁ። እኔ አቀርቅሬ እንጀራዬን ቆረስኩ።