አትጠገብ ፈተናውን አልወደቀችም

ዛሬ ጠዋት ከቡሬ ወዲህ ካለ ጤና ኬላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለችልኝ። "መምህር፣ አትጠገብ አረፈች" አለችኝ።

"የትኛዋ አትጠገብ?" አልኳት። ጠፍቶኝ አይደለም። ሌላ አትጠገብ ብትሆንልኝ ብዬ ነው።

"የሶላሯ" አለችኝ።

እንዴት ብዬ ልመን? ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አግኝቻት ነበር። ቦርሳዋ በኬብል ተወጥሮ፣ "መምህር ይልቀቁኝ፣ መኪናው ሞላብኝ" እያለች ስትሮጥ ነው ያየኋት። አሁን ነበረች ልበል?

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ከሰከላ ገጠር፣ ከግሽ ዓባይ ወዲህ ካለ መንደር የመጣች ልጅ ናት። አሥረኛን ጨርሳ ነጥብ አልመጣላትም። እኔ ወደማሰለጥንበት ማዕከል ስትመጣ የመዘገቧት ልብስ ስፌት ነበር። እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ "የሶላሩ ክፍል የት ነው?" አለች።

"እሱ የወንዶች ነው" አሏት።

"ፀሐይዋም የወንዶች ናት?" አለችና ገባች።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ባትሪ አሳይቼ "ይኼ ሙሉ ነው" አልኩ። እጇን አወጣች። "መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለክተው ነው ወይስ ገምተው?"

ገምቼ ነበር። ቴስተሩን ተቀብላኝ ለካችው። ባትሪው የሞተ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ሽቦ የነካ ሁሉ ከእሷ አያመልጥም። "ለክተሃል ወይስ ገምተህ ነው?"

ለልምምድ የመጡልን ፓኔሎች ከነካርቶናቸው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሣባቸዋል፣ ይመለሳሉ። ጣሪያ ላይ ሲወጣ የሚታሰረውን የደህንነት ቀበቶ ያስተማርኳቸው በሥዕል ነው። በእጄ ነክቼው አላውቅም።

አንድ ግምገማ ላይ አትጠገብ ተነሣች። "ቀበቶውን መቼ ነው የምናየው? ፓኔሎቹስ ለማን ነው የተቀመጡት?" ብላ ጠየቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ "የአመለካከት ችግር ያለባት" ተባለች።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ለሚሰጥ የአሰልጣኞች ስልጠና አንድ ቦታ መጣልን። ጨርሶ የሚመለሰው እዚሁ አሰልጣኝ ሆኖ ይቀጠራል። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያረምኩትም እኔ ነኝ። አንደኛ የወጣችው አትጠገብ ናት። ሁለተኛው አጠገቧም አልደረሰ።

የማዕከሉ ኃላፊ ቢሮው ጠራኝ። "መምህር፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አልካድንም። ግን የድርጅት አባል እንኳ አይደለችም። ቦታው ለሚታመን ሰው ይሁን" አለኝ። ተጽፎ ያለቀ ቃለ ጉባኤ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። የሌላ ልጅ ስም አለበት። የእሷ ስም ፊት ለፊት "የማለፊያ ነጥብ አላመጣችም" ይላል።

ፈረምኩ።

ልጆች አሉኝ፣ ዝውውር ፈራሁ፣ እኔ ባልፈርም ሌላ ሰው ይፈርማል። ምክንያት ሞልቶኛል። ግን ፈረምኩ።

ማስታወቂያው የተለጠፈ ቀን ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም። "መምህር፣ የኔን ወረቀት በደንብ አይተውታል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት፣ ዓይኔን ከጠረጴዛው ሳላነሣ።

"እሺ" ብላ ሄደች።

ከሁሉ የሚብሰውን ልንገራችሁ። እናቷ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። "መምህር፣ ልጄ ፈተናውን ወደቀች አሉኝ። አእምሮዋ ደህና ነበር፣ ምን እንደነካት እንጃ። እባክዎ ደግመው ያስተምሩልኝ" አሉኝ። እኔም "እሺ እናቴ" አልኩ። "እሺ" ብቻ።

ቦታውን ያገኘው ልጅ ሠልጥኖ ተመለሰ። ዛሬ ቢሮ ተቀምጦ ሪፖርት ይጽፋል፤ ጣሪያ ላይ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። አትጠገብ ግን ከጅጋ እስከ ቡሬ ያሉትን ጤና ኬላዎች ሶላር እየጠገነች በእግሯ ዞረቻቸው። ቋሚ ቅጥር የላት፣ መድን የላት። ሲበላሽ ትጠራለች፣ ሲሠራ ትረሳለች።

ትናንት ከሰዓት የክትባት ፍሪጁ ቆመ ብለው ጠሯት። ዝናቡ አባርቷል፣ ቆርቆሮው ግን እርጥብ ነው። ጠዋት የደወለችልኝ ሠራተኛ "እስኪደርቅ ትንሽ ቆዪ እንጂ" ብትላት "እኔ ብቆይ ክትባቱ አይቆይልኝም" ብላ ወጣች። የላላውን ሽቦ አገኘችው፣ አጠበቀችው። ፍሪጁ ሥራ ጀመረ። ስትወርድ እግሯ አዳለጣት። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ መንገድ ላይ አለፈች።

የሚይዛት ገመድ አልነበረም።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ያው ማዕከላችን ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጥፎ አየሁ። "የሴቶች ተምሳሌት፣ የታዳሽ ኃይል አርበኛ" ይላል። ሥሩ ኮሜንት የጻፋችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። የለጠፉት ግን በሕይወት እያለች አንድ ወንበር የነሷት ሰዎች ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ። ይህን በመጻፌ ሰኞ እንደምጠራ አውቃለሁ። ይጥሩኝ።

አትጠገብ፣

ነገ ለቀብርሽ ሰከላ እመጣለሁ። እናትሽ "መምህሯ መጡ" ብለው እጄን ይዘው ከፊት እንደሚያቆሙኝ አውቃለሁ። እዚያው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጅዎ አንደኛ ነበረች፤ የጣልኳት እኔ ነኝ" እላቸዋለሁ። አንቺ ስትጠይቂኝ ማለት የነበረብኝን፣ መስማት ካቆምሽ በኋላ ነው የምለው።

ይቅር በይኝ አልልሽም፣ አፍ የለኝም።

ደህና ሁኚ የኔ ልጅ። አሰልጣኝ መሆን የሚገባሽ አንቺ ነበርሽ፣ እኔ አልነበርኩም።